ማን ቆጠረው? ምን ቆጠረ? የዓድዋን ጽሑፍ በመዝገበ ዕውቀት ላይ መርምሮ ስለ ማሻሻል

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ጉዳያችን አንድ ጽሑፍ ነው፤ በውክፔዲያም ይሁን በሌላ መዝገበ ዕውቀት ስለ ዓድዋ ጦርነት የሚጻፈው። ይህን ርእስ ከሚከፍቱት ሰዎች ብዙዎቹ ረጅሙን ሐተታ አያነቡትም። ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው በዳር ባለው የመረጃ ሣጥን ላይ ነው፦ ቀን፣ ቦታ፣ ውጤት፣ አዛዦች፣ የሠራዊት ብዛት፣ የደረሰ ጉዳት። ተማሪው ለቤት ሥራው የሚገለብጠው፣ ጋዜጠኛው ለየካቲት 23 ዝግጅቱ የሚወስደው ያንኑ ሣጥን ነው። ስለዚህ ምርመራችንን ከዚያው እንጀምር። በሣጥኑ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ይቀርብለት፦ ማን ቆጠረህ? ምን ተቆጥሮ ነው አንተ የተገኘኸው? የዛሬው ንግግር በሙሉ የሚያጠነጥነው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ጽሑፉ ስለ ምን እንደ ሆነ መወሰን አለበት። በአማርኛ «የዓድዋ ጦርነት» ስንል ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛው በአንድ ቀን፣ እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው ውጊያ ነው። ሌላው ከአምባላጌ ጀምሮ በመቀሌ አልፎ ዓድዋ ላይ የተደመደመው ዘመቻ በሙሉ ነው። አምባላጌ ላይ የኢጣሊያው ሜጀር ቶዜሊ የወደቀው ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ የመቀሌው ምሽግ ከበባ ከዚያ ቀጥሎ እስከ ጥር ዘለቀ። ጽሑፉ ሁለቱን ካልለየ የጉዳት ቁጥሩ ይደበላለቃል፦ አንዱ አራሚ የአንዱን ቀን ሙታን ያስገባል፣ ሌላው የዘመቻውን ሁሉ ይደምራል፣ ሣጥኑ ውስጥ ግን ሁለቱም «የሞተ» ተብለው ይቀመጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ «በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የዓድዋ ጦርነት የሚባለው የየካቲት 23ቱ ውጊያ ነው» የሚል ግልጽ ቃል ይግባ፤ የዘመቻው ታሪክ ደግሞ የራሱ ርእስ ይኑረው።

አሁን ወደ ቀኑ። ስህተት በብዛት የሚገኘው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የካቲት 23 ዛሬ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሚውለው ማርች 2 ቀን ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለሚያውቅ በጽሑፉ ላይ «ማርች 2 ቀን 1896» ብሎ ያስገባል። በ1888 ዓ.ም. ግን የካቲት 23 የዋለው ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ምክንያቱም የኛ አቆጣጠር በየ4 ዓመቱ ያለማቋረጥ አንድ ቀን ሲጨምር፣ የግሪጎርያኑ አቆጣጠር 1900ን እንደ ተራ ዓመት ዘሎታል። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። ስለዚህ ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት ለሆነ ድርጊት የዛሬውን ማመሳከሪያ መጠቀም አንድ ቀን ያሳስታል። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲባል ሜይ 2 ቀን 1889 ነው፤ በዛሬው ሂሳብ ቢሰላ ሜይ 3 ይወጣ ነበር። የሳምንቱን ቀን መመልከትም ይረዳል፦ ዓድዋ እሑድ ነው፣ ማርች 1 ቀን 1896ም እሑድ ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

የዓመቱም ልዩነት እንዲሁ ወጥመድ አለው። አምባላጌ ዲሴምበር 7 ቀን 1895 ነው፤ ዓድዋ ማርች 1 ቀን 1896። ሁለቱም በ1888 ዓ.ም. ውስጥ ናቸው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚቀነሰው 7 ነው፤ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ 8። ሁልጊዜ 8 እየቀነሰ የሚሄድ አራሚ አምባላጌን 1887 ያደርገዋል፣ ሁልጊዜ 7 የሚቀንሰው ደግሞ ዓድዋን 1889። ኦክቶበር 26 ቀን 1896 የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. የሚሆነውም በዚሁ ሂሳብ ነው።

የባሰ አለ። ከውጭ ቋንቋ የሚተረጉም ሰው ማርችን «መጋቢት» ብሎ ያልፋል፤ ያኔ የየካቲቱ ድል መጋቢት 1 ይሆናል። መመሪያው አንድ ነው፦ የኢትዮጵያ ወር ስም ከዓ.ም. ጋር ብቻ፣ ማርች፣ ሜይ፣ ኦክቶበር ደግሞ ከእ.ኤ.አ. ጋር ብቻ። አይቀላቀሉ።

ሰዓቱም አለ። የኢጣሊያ ጦር ከሳውሪያ ሰፈሩ የተነሣው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ማታ በ9 ሰዓት ነው። በኛ ሲነገር የካቲት 22 ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። ውጊያው የተጀመረበት የፈረንጆቹ 6 ሰዓት ገደማ የኛ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ይህን ሳይመልስ «ከጠዋቱ 6 ሰዓት» ብሎ የተረጎመ ሰው ውጊያውን ወደ ቀትር ወስዶታል፤ አንባቢውም በቀትር ተጀምሮ በቀትር እንዴት ብርጌዶች እንደ ፈረሱ ሊገባው አይችልም። በጽሑፉ ውስጥ ሰዓት ባያችሁ ቁጥር ምንጩ የማን እንደ ሆነና በየትኛው አቆጣጠር እንደ ጻፈ ተመልከቱ። እግረ መንገድ፦ ፌብሩዋሪ 29 የሚለውን አይተው «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብለው የሚሰርዙ አሉ። 1896 ሠግር ዓመት ነበር፤ ቀኑ አለ።

ወደ ሠራዊቱ ብዛት እንለፍ። በኢጣሊያ በኩል በየጽሑፉ የምታገኟቸው ሁለት ቁጥሮች አሉ፦ 14,500 ያህልና 17,700 ያህል። ብዙ አራሚዎች እነዚህን ተጻራሪ አድርገው ያዩአቸዋል፤ አንዱ ሌላውን ይሰርዛል፣ ያኛው ተመልሶ ይመልሰዋል፣ የጽሑፉ የለውጥ መዝገብ በዚህ መመላለስ ይሞላል። ተጻራሪ ግን አይደሉም፤ የተቆጠረው ነገር ይለያያል። አራቱን ብርጌዶች በአዛዦቻቸው ስም ዘርዝረን እንየው። አልቤርቶኔ 4,076 ጠመንጃና 14 መድፍ፣ አሪሞንዲ 2,493 ጠመንጃና 12 መድፍ፣ ዳቦርሚዳ 3,800 ጠመንጃና 18 መድፍ፣ ኤሌና 4,150 ጠመንጃና 12 መድፍ። ደምሩት፦ 14,519 ጠመንጃ፣ 56 መድፍ። «14,500» የተባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ ጠመንጃ ይዞ በብርጌዶቹ የተሰለፈው ተዋጊ ነው። 17,700 የሚለው ደግሞ ሠራዊቱን በጠቅላላው የሚቆጥር ነው፦ ከ10,500 በላይ ኢጣሊያውያንና ከ7,000 በላይ አስካሪዎች፣ ማለትም ለኢጣሊያ የሚዋጉ የቅኝ ግዛት ወታደሮች። ሣጥኑ ውስጥ እንዲህ ቢገባ ክርክሩ ይበርዳል፦ «በጠቅላላው 17,700 ገደማ (ከዚህ ውስጥ 14,519 ጠመንጃ ያዥ)፣ 56 መድፍ»። እንዲህ ያለውን መደመር በወረቀት ላይ መሥራት የገምጋሚ ዋና ሥራ ነው። ድምሩ ካልመጣ አንዱ ዝርዝር ተሳስቷል ወይም አንዱ ክፍል ተዘሏል።

በኢትዮጵያ በኩል ሁኔታው የተለየ ነው። ከ80,000 እስከ 120,000 የሚደርስ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 100,000 በብዛት ይጠቀሳል። ይህ በስም ዝርዝር የተቆጠረ አይደለም፤ ግምት ነው። ከተዋጊው ጋር የሚጓዘው ስንቅ ተሸካሚ፣ ሴቱ፣ አገልጋዩ በየትኛው ግምት እንደ ገባና በየትኛው እንደ ወጣ መለየት ያስፈልጋል፤ ጠመንጃ የያዘውና ጦርና ጋሻ የያዘውም እንዲሁ። ስለዚህ እዚህ ላይ አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር ማስገባት ትክክል አይደለም። ግምቱ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ይቀመጥ፤ በሐተታው ውስጥ ደግሞ የትኛው ግምት የማን እንደ ሆነ በስም ይነገር። «እንደሚባለው» ወይም «የታሪክ ሊቃውንት እንደሚሉት» አይበቃም፤ የትኛው ሊቅ፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ በስንተኛው ገጽ።

የጉዳቱ ቁጥር ላይ ስንደርስ ሁለቱ ጥያቄዎች ይበልጥ ይጠቅሙናል። በኢጣሊያ በኩል ደጋግሞ የሚጠቀሰው ዝርዝር ይህ ነው፦ 261 መኮንኖች ተገደሉ፣ 2,918 የበታች ሹማምንትና ወታደሮች ተገደሉ፣ 954 እስከ መጨረሻው የገቡበት ጠፋ፣ 470 ቆሰሉ። ከአስካሪዎቹ 2,000 ያህል ተገደሉ፣ 958 ቆሰሉ። አሁን ይህን አንድ ሰው «ኢጣሊያ 3,179 ሰው ሞተባት» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሌላው የጠፉትን ጨምሮ 4,133 ይላል። ሦስተኛው አስካሪዎቹንም አክሎ 6,133 ያደርሰዋል። ሦስቱም ከአንድ ዝርዝር ወጡ፤ ሦስቱም መደመሩን አልሳቱም። 7,000 የሚለው ክብ ቁጥር ደግሞ ሌሎች ጸሐፊዎች የሰጡት ጠቅላላ ግምት ነው። ጽሑፉ ላይ «6,133 ኢጣሊያውያን ተገደሉ» ተብሎ ካያችሁ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ስሙ ተሳስቷል፤ ከሦስት አንዱ ያህሉ ኤርትራዊ አስካሪ ነውና። እነዚያን ሰዎች «ኢጣሊያውያን» ብሎ መጻፍ ደግሞ ከታሪኩ ማውጣት ነው። ምርኮኛውም እንዲሁ፦ 3,000 ሲባል አስካሪዎቹን ይጨምራል ወይስ ኢጣሊያውያንን ብቻ ነው? ምንጩን ከፍታችሁ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

በኢትዮጵያ በኩል የሞተው ከ4,000 እስከ 5,000፣ አልፎም እስከ 7,000 ተብሎ ይገመታል። የቆሰለው ከዚህ ይበዛል። አሁንም ግምት ስለሆነ «ገደማ» የምትለው ቃል ከቁጥሩ አትለይ። በየጽሑፉ የሚታይ አንድ ጉድለት ልንገራችሁ፦ የጠላት ጉዳት እስከ መጨረሻው አኃዝ ተዘርዝሮ የኢትዮጵያ ጉዳት ባዶ ይተዋል። ድሉን የሚያሳንስ የሚመስላቸው አሉ። ፊታውራሪ ገበየሁ የወደቁበትን ውጊያ ያለ ኪሳራ እንደ ተገኘ ድል መጻፍ ግን የወደቁትን መርሳት ነው።

ስለ ማዕረግ በአጭሩ። ሰው የሚጠራው በድርጊቱ ቀን በነበረው ማዕረግ ነው። ባልቻ ዓድዋ ላይ በጅሮንድ ነበሩ፤ ደጃዝማችነቱ በኋላ የመጣ ነው። ሚካኤል ያኔ ራስ ናቸው፤ የንግሥናው ዘውድ ገና አልተጫነላቸውም። ንጉሥ የሚለው ማዕረግ ዓድዋ ላይ የሚገባው ለጎጃሙ ተክለ ሃይማኖት ነው። በወዲያኛውም በኩል ጋሊያኖ የመቀሌን ምሽግ ሲከላከል ሜጀር፣ ዓድዋ ላይ ሲሞት ሌተና ኮሎኔል ነበር። የአዛዦች ዝርዝርም ሠላሳ ስም እንዳይሞላበት ተጠንቀቁ፦ በሣጥኑ ውስጥ የሚገቡት ዋና ዋናዎቹ ብቻ ናቸው፣ ቀሪዎቹ በሐተታው በቦታቸው ይጠቀሱ። እቴጌ ጣይቱ ከዝርዝሩ ከወጡ ግን መልሷቸው፤ የራሳቸውን ጦር ይዘው የተሰለፉ ናቸውና። እንደ ራስ ዳርጌ ሸዋን እንዲጠብቁ የቀሩትን ደግሞ ስማቸው ስለ ገነነ ብቻ ወደ ዓድዋ አታምጧቸው።

ከሣጥኑ እንውጣና ሐተታውን እንየው። በዚህ ጉዳይ የሚጻፉ ጽሑፎች ዋና በሽታቸው የሚዛን ጉድለት ነው። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ «ይቻላቸዋል» የሚለው የአማርኛው ቃል በኢጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ መገኘቱ፣ የክተት አዋጁ፣ የጉዞው መንገድ፣ ይህ ሁሉ ግማሹን ጽሑፍ ይይዛል። ከዚያ ውጊያው ራሱ በ4 መስመር ያልቃል፦ ተጋጠሙ፣ ድል ሆነ። የውጊያ ጽሑፍ ሲሶው እንኳ ስለ ውጊያው ካልሆነ ርእሱን አልጠበቀም። የውሉን ዝርዝር የውሉ ጽሑፍ ይያዘው፤ እዚህ ሁለት አንቀጽ ይበቃዋል።

በመነሻው ክፍል ውስጥ በብዛት የሚጎድለው ግን ስንቅ ነው። የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ለምን በዚያ ሌሊት ተነሣ? ስንቁ እያለቀበት ነበር። በፌብሩዋሪ ወር ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ከእርሱ ከድተው ወደ ኢትዮጵያ ጎን ሲመለሱ ከኋላ ያለው የስንቅ መንገድ አደጋ ላይ ወደቀ። ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ይወቅሰዋል። ፌብሩዋሪ 28 በተደረገው ምክክር የብርጌድ አዛዦቹ ወደ ኋላ ማፈግፈግን አልደገፉም። በምኒልክም ሰፈር ስንቅ እየመነመነ ነበር፤ ጥቂት ቀን ቢቆይ ያ ሁሉ ሠራዊት መበተኑ አይቀርም ነበር። ሁለቱም ወገን በረኀብ ጫፍ ላይ እንደ ነበረ ያልተነገረው አንባቢ ውጊያው ለምን በዚያ ቀን እንደ ሆነ ሊገባው አይችልም።

አሁን ወደ ውጊያው ቦታ። በካርታው ላይ የተቀመጠችውን ነጥብ ፈትሹ፦ አብዛኛውን ጊዜ በዓድዋ ከተማ መካከል ተተክላ ታገኟታላችሁ። ውጊያው የተካሄደው ግን ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ባሉት ተራሮችና ሸለቆዎች ነው። የኢጣሊያ ጦር የተበተነበትን ምክንያት የሚያስረዳው አንድ የቦታ ስም ነው፤ እንዳ ኪዳነ ምሕረት። በባራቲዬሪ ንድፍ ካርታ ላይ ይህ ስም የተጻፈበት ኮረብታ አንድ ነው፤ የአገሩ ሰው እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚለው ቦታ ደግሞ ከዚያ በርካታ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ነው። አልቤርቶኔ በትእዛዙ ላይ የተጻፈውን ስም ተከትሎ ወደ እውነተኛው ቦታ ዘለቀ፣ ከሌሎቹ ብርጌዶችም ተነጥሎ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተገጣጠመ። ዳቦርሚዳም ሊደግፈው ተልኮ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሰፋ። ይህ ያልተጻፈበት የዓድዋ ጽሑፍ «የኢጣሊያ ጦር ተከፋፍሎ ተመታ» ሊል ይችላል፣ ለምን እንደ ተከፋፈለ ግን አይነግረንም።

የቦታ ስም አጻጻፍ ላይ ደግሞ ለአማርኛ ጽሑፍ ብቻ የሚያጋጥም ችግር አለ። የውጭ ምንጮች በላቲን ፊደል የጻፉትን መልሶ ወደ ግእዝ ፊደል የሚያመጣ ሰው ከእንዳ ኪዳነ ምሕረት «ቺዳነ መረት» ያወጣል፤ ከአባ ገሪማ «አባ ካሪማ»። እነዚህ የቦታ ስሞች አይደሉም፤ የኢጣሊያኖች የጆሮ ስህተት ናቸው። እንደ አገሩ አጠራር ይመለሱ። ስትፈልጉም ዓድዋንና አድዋን፣ ምሕረትንና ምህረትን፣ ኅዳርንና ህዳርን በየፊናው ፈልጉ፤ አለበለዚያ ያለውን «የለም» ብላችሁ ድጋሚ ትጽፋላችሁ።

ቃላቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። የመጀመሪያው «ባንዳ» ነው። በኢጣሊያኖቹ አሠራር ባንዳ ማለት መደበኛ ያልሆነ የአገር ተወላጅ ጭፍራ ነው፤ አስካሪ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው፣ የሠለጠነ መደበኛ የቅኝ ግዛት ወታደር። በአማርኛ ግን ባንዳ ከሃዲ ሆኗል። ስለዚህ የአልቤርቶኔ ብርጌድ አስካሪዎች «ባንዶች» ተብለው ሲጻፉ ሁለት ስህተት በአንድ ቃል ይገባል፦ የጦር ክፍሉ ይሳሳታል፣ ጽሑፉም ሳያስበው ይፈርዳል። ሁለተኛው የፉከራ ቋንቋ ነው። «ድባቅ መታ»፣ «ጀግናው ሠራዊታችን»፣ «አከርካሪውን ሰበረ» በሽለላ ቦታቸው ያማሩ ናቸው፣ አንድም ሰው አይጠላቸውም። በመዝገበ ዕውቀት ግን «የኛ» የሚለው ባለቤት የለውም፤ አንባቢው ከየትም ሊሆን ይችላል። የተደረገው በትክክል ሲጻፍ ትልቅነቱ ራሱ ይታያል፦ ከ4ቱ የብርጌድ አዛዦች አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ፣ አልቤርቶኔ ተማረከ፣ ኤሌና ቆሰለ፣ 56ቱም መድፍ እዚያው ቀረ። ከዚህ በላይ ምን ቅጽል ይጨመርለታል? በሣጥኑ ውስጥም ውጤቱ «የኢትዮጵያ ድል» ይባል፤ «ታላቅ»፣ «አንጸባራቂ» ለሐተታው፣ ያውም ያለው ሰው ተጠቅሶ።

ሚዛናዊነት ደግሞ የሚያስቸግረውንም መጻፍ ነው። ከተማረኩት አስካሪዎች ወደ 800 የሚሆኑት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንደ ተቆረጠ በሰፊው ተመዝግቧል። ይህ በየጊዜው ከጽሑፉ ይሰረዛል። ይመለስ፤ በዚያ ዘመን በከሃዲነት የተፈረደበት ቅጣት እንደ ነበረም በምንጭ ተደግፎ ይብራራ። መሰረዝ ግን አይገባም።

ስለ ምንጮች ደግሞ እያንዳንዱ የማን ድምፅ እንደ ሆነ ዕወቁ። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል በቤተ መንግሥት የተጻፈ ነው። ለቀናትና ለሰልፍ ቅደም ተከተል ወርቅ ነው፤ ለጠላት ቁጥር ግን ብቻውን አይበቃም። በፈረንሳይኛ ትርጉሙ ቀድሞ ታትሞ በአማርኛ የወጣው በ1959 ዓ.ም. ስለሆነ ገጽ ስትጠቅሱ የትኛው እትም እንደ ሆነ ጻፉ፤ አለዚያ ቀጣዩ ገምጋሚ ገጹን ሲከፍት ሌላ ነገር ያገኛል። ባራቲዬሪ ደግሞ በጦር ፍርድ ቤት ቆሞ ነጻ ከተለቀቀ በኋላ የጻፈው ትዝታ ራሱን የሚከላከል ነው፦ ስለ ሰጠው ትእዛዝ ይጠቅማል፣ ጥፋቱ የማን ነው ለሚለው ግን እንደ ባለ ጉዳይ ቃል ይወሰድ። ሁለቱም የመጀመሪያ ምንጭ ናቸው። ፍርዱ ሁለቱን አነጻጽሮ ከጻፈ የታሪክ ባለሙያ መምጣት አለበት፤ አራሚው ራሱ አነጻጽሮ የደረሰበትን ድምዳሜ ማስገባት በውክፔዲያ ደንብ የተከለከለ ነው።

የምንጭ ፍተሻውን በወረቀት ወይም በሰንጠረዥ ሥሩት፤ ሦስት ዓምድ ይበቃል። በመጀመሪያው ጽሑፉ ያለው ቃል፣ በሁለተኛው የጠቀሰው መጽሐፍና ገጽ፣ በሦስተኛው መጽሐፉ በእውነት የሚለው ቃል በቃል። ሦስተኛውን ዓምድ ሳይሞሉ «ምንጭ አለው» ማለት አይቻልም። 10 ማጣቀሻ መርጣችሁ ጀምሩ፤ ከ10ሩ 3 ካልገጠሙ የቀሩትንም አንድ በአንድ ከማየት ማምለጫ የለም። አንድ የተሰወረ ወጥመድም አለ፦ ምንጩ ራሱ ከዚሁ ጽሑፍ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። አንድ አራሚ ያለ ምንጭ አንድ ቁጥር ያስገባል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጋዜጣ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ጋዜጣው ለቁጥሩ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ይህን የምትለዩት ቁጥሩ ወደ ጽሑፉ የገባበትን ቀን በለውጥ መዝገቡ ፈልጋችሁ ከጋዜጣው ቀን ጋር በማነጻጸር ነው። ጋዜጣው ኋላ ከሆነ ማስረጃ አይሆንም።

በሥዕል ላይ ብዙ አልቆይም። የዓድዋ ሥዕሎች አብዛኞቹ ከውጊያው በኋላ የተሣሉ ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በሰማይ ላይ፣ የኢትዮጵያ ሰው ፊቱን ሙሉ አዙሮ፣ ጠላት በጎን ፊቱ። ይህ የአሣሣል ወግ ነው፣ የሰልፍ ካርታ አይደለም። ከሥዕሉ ሥር መቼ እንደ ተሣለና የት እንዳለ ይጻፍ።

እስካሁን ያየነውን በአንድ አንቀጽ ላይ እንሞክረው። እንዲህ የተጻፈ ነው እንበል፦

«የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. (ማርች 2 ቀን 1896) ከጠዋቱ 6 ሰዓት ላይ ጀግናው ሠራዊታችን በንጉሥ ሚካኤልና በደጃዝማች ባልቻ እየተመራ የኢጣሊያን ጦር ድባቅ መታው። 6,133 ኢጣሊያውያን ሲገደሉ ባንዶቹም ተማረኩ።»

ቀኑ በአንድ ተንሸራቷል። ሰዓቱ አልተመለሰም። ሁለት ማዕረግ ከዘመኑ ቀድሟል፤ የጦሩ የበላይ አዛዥ ንጉሠ ነገሥቱ መሆናቸውም ጠፍቷል። «ሠራዊታችን»ና «ድባቅ» የመዝገበ ዕውቀት ቃል አይደሉም። የሟቹ ቁጥር አስካሪዎቹንም የጠፉትንም ይዞ «ኢጣሊያውያን» ተብሏል። ባንዳ ያለ ቦታው ገብቷል። ምንጭ የለም። ሲታረም፦

«ውጊያው የተካሄደው እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. (ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ.) ነው። ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጥሎ ወደ እንዳ ኪዳነ ምሕረት የዘለቀው የአልቤርቶኔ ብርጌድ በዳግማዊ ምኒልክ ከሚመራው ጦር ጋር ተጋጠመ፤ ከቀትር በፊትም ተሸነፈ። በኢጣሊያ በኩል 3,179 ኢጣሊያውያንና 2,000 ያህል አስካሪዎች መገደላቸው፣ 954 ደግሞ መጥፋታቸው ተመዝግቧል።»

በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ መጽሐፉና ገጹ ይገባል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ የሚናገረው ግን ከርዝመቱ በላይ ነው።

ማረሙን ስትጀምሩ ሁሉንም በአንድ ቁጠባ፣ ማለትም ለውጡን በአንድ ጊዜ በማስቀመጥ፣ አታስገቡት። ቀኖቹን ለብቻ፣ ማዕረጎቹን ለብቻ፣ የጉዳቱን ቁጥር ለብቻ አስቀምጡ፤ በየቁጠባው የማጠቃለያ መስመር ላይ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ማርች 2 ወደ ማርች 1፤ ከ1900 በፊት ልዩነቱ አንድ ቀን ያንሳል»። እንዲህ ከሆነ አንዱን የማይቀበል ሰው ያንኑ አንዱን ብቻ ይመልሳል፤ ሥራችሁ ሁሉ አብሮ አይሄድም። የሚያከራክሩትን፣ ማለትም የሠራዊት ብዛት፣ የጉዳት ቁጥርና የአስካሪዎቹን ቅጣት፣ መጀመሪያ በውይይት ገጹ ላይ ከሦስት ዓምዱ ሰንጠረዥ ጋር አቅርቡና አንድ ሳምንት ጠብቁ። በየካቲት የመጨረሻ ሳምንት አትጀምሩ፤ በዚያ ሰሞን ገጹን የሚነካካው ሰው ስለሚበዛ የታረመው ከዕለቱ ለውጥ ጋር ይደባለቃል። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ በበዓሉ ሰሞን የገባውንም አብራችሁ ትፈትሻላችሁ።

የሦስት ዓምዱን ሰንጠረዥ ባዶ ቅጅ ለሁላችሁም አዘጋጅተናል። ከዕረፍት በኋላ በየሁለት ሰው ሆናችሁ የሣጥኑን መስመሮች ትሞሉበታላችሁ። እስከዚያ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።